«ሰው ምን ይለኛል?»

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ምክንያት የሆነኝ አንድ አሮጌ ቦርሳ ነው። ጥቁር የቆዳ ቦርሳ ሲሆን ለብዙ ዓመታት የመሥሪያ ቤት ወረቀት ስይዝበት ኖሬአለሁ። ዛሬም ከቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ይሁን እንጂ ከውስጥም ከውጭም የዘይት እድፍ ስላለበት ለወረቀት አይሆንም። የዚህን እድፍ ታሪክ ለሰው መናገር የሚያሳፍረኝ ጊዜ ነበር። አሁን ግን ከኔ ስሕተት ሌላው ቢማርበት ይሻላል ብዬ ስላመንኩ ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሒሳብ ሠራተኛነት አሥራ አራት ዓመት ያገለገልኩበት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ከተቀነሱት አንዱ ሆንኩ። ሌላ ሥራ ስፈልግ ወራት አለፉ፤ ያለችንም ጥሪት አለቀች። ረመዳን ሲገባ ባለቤቴ አንድ መላ አመጣች። ይኸውም የምስር ሳምቡሳ እየጠበሰች መስጊድ አጠገብ ላለ አንድ ሱቅ በየቀኑ ማስረከብ ነበር። እሷ ከምድጃው ስለማትለይ አድራሹ እኔ ሆንኩ። ሥራው ከባድ አልነበረም። ሳምቡሳውን በሳፋ አድርጎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ ተጉዞ ከመግሪብ አዛን በፊት ማድረስ ብቻ ነበር።

ለኔ ግን ያ ሳፋ ከኩንታል እህል ይልቅ ከበደኝ። «ያ የሒሳብ ሠራተኛ ዛሬ ሳፋ ተሸክሞ ሳምቡሳ ያዞራል» የሚል ድምፅ ገና ከቤቴ ሳልወጣ ይሰማኝ ጀመር። በእውነቱ ይህን ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ ተናጋሪውም ሰሚውም እኔው ነበርኩ። ስለዚህ ሳፋውን ትቼ ሳምቡሳውን በወረቀት ጠቅልዬ በቢሮ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ኮቴን ለበስኩ፤ ክራቫቴንም አሰርኩ። የድሮ ባልደረቦቼ በሚቀመጡበት ሻይ ቤት በኩል ላለማለፍም በወንዙ ዳር በሚዞረው ረጅም መንገድ መሄድ ጀመርኩ።

ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። በአራተኛው ቀን ዝናብ ያጨቀየው የወንዝ ዳር መንገድ አዘገየኝና ከሱቁ ስደርስ አዛን ተብሎ ሰዉ አፍጥሯል። ባለ ሱቁም ደንበኞቹ ሲያጣድፉት ከሌላ ሰው ገዝቶ ነበር። ይባስ ብሎ ዘይቱ ከቦርሳው አልፎ ሱሪዬን ከጭኔ እስከ ጉልበቴ አርሶታል። ስመለስ ያን ያህል ስሸሸው የነበረ አንድ የድሮ ባልደረባዬ ፊት ለፊት ገጠመኝ። ሱሪዬን አየና «ዘይት ነክቶሃል ወንድሜ» ብሎኝ መንገዱን ቀጠለ። ያለው ይህን ብቻ ነው። ባለ ሱቁ ግን ከዚያን ቀን በኋላ ሳምቡሳችንን አልተቀበለንም። ባለቤቴ ይዤ የተመለስኩትን ሳምቡሳ ለጎረቤት ልጆች ስታድል አንድ ቃል አልተናገረችኝም። እኔም ያን ሌሊት የልጃችን የትምህርት ቤት ክፍያ ስንት ቀን እንደቀረው ስቆጥር አደርኩ። «ሰው ምን ይለኛል?» ማለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የተማርኩት በዚህ ዓይነት ነው።

የምስር ድስት የተሸከመው ሰው

ከዚህ በኋላ ብዙ ወራት ቆይቶ ስለ ጥንት ፈላስፎች የሚናገር መጽሐፍ ሳነብ የኔን የሚመስል ታሪክ አገኘሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ታሪኩ ዜኖ ስለሚባል ሰው ነው። ዜኖ በቆጵሮስ ደሴት ኪቲየም በምትባል ከተማ የተወለደ ነጋዴ ሲሆን በጥንት ዘመን እጅግ ውድ የነበረውን ሐምራዊ የጨርቅ ቀለም ጭኖ ሲጓዝ መርከቡ ተሰብሮበት አቴና ከተማ እንደደረሰ ይነገራል። እዚያም ክራቴስ ለሚባል መምህር ደቀ መዝሙር ሆነ።

ዜኖ ዓይን አፋር ነበር። መምህሩም ይህን ተመልክቶ አንድ ቀን ምስር የተሞላ ድስት አሸከመውና ሸክላ ሠሪዎች በሚኖሩበት ሰፈር መካከል እንዲያልፍ አዘዘው። ዜኖ ግን አፈረና ድስቱን ከሰው ዓይን ሊሰውር ሞከረ። ክራቴስ ይህን ሲያይ ድስቱን በበትሩ መታው። ድስቱ ተሰበረ፤ ምስሩም በዜኖ እግር ላይ ፈሰሰ። ዜኖ በኀፍረት ሲሮጥ መምህሩ ከኋላው ጠርቶ ምንም ክፉ ነገር ሳይደርስበት ለምን እንደሚሸሽ ጠየቀው። ታሪኩን ያቆየልን የፈላስፎችን ሕይወት የጻፈው ዲዮጀነስ ላኤርቲየስ የተባለ የጥንት ደራሲ ነው።

እስቲ የኔን ቦርሳ ከዜኖ ድስት ጋር አስተያዩት። ሁለታችንም ያፈርነው ሰርቀን ወይም ዋሽተን አይደለም። ምስር ተሸክመን በመታየታችን ነው። ልዩነታችን ዜኖን መምህሩ ሲያስተምረው እኔን ያስተማረኝ የቦርሳዬ ዘይት መሆኑ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ስቶይኮች እነማን ናቸው?

ያ ዓይን አፋር ሰው ከልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በአቴና የራሱን ትምህርት ማስተማር ጀመረ። ያስተምር የነበረው በሥዕል ባጌጠና በዓምዶች በተደገፈ የአደባባይ መጠለያ ውስጥ ነበር። በግሪክ ቋንቋ እንዲህ ያለው መጠለያ «ስቶአ» ስለሚባል ተከታዮቹ «ስቶይኮች» ተባሉ። ዓረቦችም ቃሉን በቀጥታ በመተርጎም «የሪዋቅ ሰዎች» ብለዋቸዋል። ሪዋቅ የሚለው ቃል ለኛ እንግዳ አይደለም። በካይሮው አል-አዝሀር ከአገራችን የሄዱ ደረሶች ይማሩበት የነበረው ክፍል «ሪዋቅ አል-ጀበርት» ይባል እንደነበረ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ።

የስቶይኮች ትምህርት ከግሪክ ወደ ሮም ተሻግሮ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረ። ጽሑፋቸው ወይም ትምህርታቸው ከደረሰን መካከል ሦስቱን እንጥቀስ። ሴኔካ እጅግ ባለጸጋና የንጉሥ ኔሮ አማካሪ የነበረ ሲሆን በ65 እ.ኤ.አ. ሞተ። ኤፒክቴተስ በባርነት ያደገ አንካሳ ሰው ነበር። ማርከስ ኦሬሊየስ ደግሞ ከ161 እስከ 180 እ.ኤ.አ. ድረስ ሮምን የገዛ ንጉሠ ነገሥት ነው። እንግዲህ ባለጸጋው፣ ባሪያውና ንጉሡ በሀብትም በማዕረግም የማይገናኙ ናቸው። ሦስቱም ግን የሰው አስተያየት ሲያስጨንቅ ምን ማድረግ እንደሚገባ ደጋግመው ጽፈዋል ወይም ተናግረዋል። ይህም ጭንቀቱ የድሀ ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳናል። ሳፋ የተሸከመውም ዘውድ የደፋውም «ምን ይሉኛል?» ይላል።

የኛ የሆነና የኛ ያልሆነ

ለኔ ችግር ቁልፉን የሰጠኝ ኤፒክቴተስ ነው። ይህ ሰው የተወለደው ዛሬ በቱርክ ግዛት ውስጥ በምትገኘው ሄራፖሊስ በ50 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲሆን በሮም ለኔሮ ጸሐፊ ባሪያ ነበር። በኋላ ነፃ ወጥቶ ማስተማር ጀመረ። ንጉሥ ዶሚሺያን ፈላስፎችን ከሮም ሲያባርር ወደ ግሪክ ሄዶ ኒቆጶሊስ በተባለች ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ። እሱ ራሱ ምንም አልጻፈም። ቃሉን መዝግቦ ያቆየልን አርያን የተባለው ተማሪው ነው።

የትምህርቱ መነሻ አጭር ነው። በዓለም ካለው ነገር አንዳንዱ በእጃችን ነው፤ ሌላው በእጃችን አይደለም። በእጃችን ያለው ፍርዳችን፣ ፍላጎታችን፣ የምንሸሸውና የምንነሳሳበት ነገር ነው። በእጃችን ያልሆነው ደግሞ አካላችን፣ ንብረታችን፣ ሹመታችን ነው። ኤፒክቴተስ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን በግልጽ ከጠቀሳቸው መካከል አንዱ ስማችን፣ ማለትም ሰዎች ስለኛ ያላቸው አስተያየት ነው።

ይህን ሳነብ ቆም ብዬ አሰብኩ። እውነት ነው፤ ስሜ የሚኖረው በሌሎች ሰዎች ልብ ውስጥ ነው። የዚያ ቤት ቁልፍ በኔ እጅ የለም። ገብቼ ዕቃውን ላስተካክል ብል አልችልም። መልካም ብሠራ እንኳ አንዱ በክፉ ሊተረጉምብኝ ይችላል። ታዲያ ሰላሜን ቁልፉን ከማልይዝበት ቤት ካስቀመጥኩ ባለቤቱ በፈለገ ቀን ያወጣዋል፤ በፈለገ ቀን ይዘጋበታል።

ሁለተኛው ነጥብ የሚያስጨንቀን ነገሩ ሳይሆን በነገሩ ላይ የምንሰጠው ፍርድ ነው የሚለው ነው። ይህን በራሴ ላይ ፈተንኩት። ባለቤቴ ያንኑ ሳምቡሳ ስትጠብስ ታዜም ነበር። ሳምቡሳው አንድ፣ ሳፋው አንድ፣ ሰፈሩም አንድ ነው። እሷ «ልጄን ማስተማሪያ አገኘሁ» ብላ ፈረደች፤ እኔ «ተዋረድኩ» ብዬ ፈረድኩ። ኀፍረቱ በሳፋው ውስጥ ቢኖር ኖሮ እሷንም ባሳፈራት ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ ደግሞ ይበልጥ ይከነክናል። አንድ ሰው ተነሥቶ አካልህን ለመንገደኛ አሳልፎ ቢሰጥ ትቆጣለህ፤ ታዲያ የሰደበህ ሁሉ ልብህን እንዲያናውጠው አሳልፈህ ስትሰጥ አታፍርምን ይላል ኤፒክቴተስ። ሰውየው ቀልድም ያውቃል። እገሌ ክፉ አወራብህ ቢሉህ መከላከያ አታቅርብ፤ ሌሎቹን ጉድለቶቼን ስላላወቀ ነው እንጂ በዚህ ብቻ ባላበቃ ነበር ብለህ መልስ በማለት ይመክራል።

ለመሆኑ ሰው ያን ያህል ያየናልን?

እዚህ ላይ አንድ ዘመናዊ ጥናት ብጨምር ነገሩን ያጠናክረዋል። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ተማሪዎችን የአንድ ዘፋኝ ፎቶ ያለበት፣ ለብሰው ቢታዩ የሚያፍሩበት ካናቴራ አስለብሰው ሌሎች ተማሪዎች ወደተቀመጡበት ክፍል አስገቧቸው። በኋላም ካናቴራውን ስንቱ አስተውሎታል ብለው ሲጠይቋቸው የለበሱት ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ አይቷል ብለው ገመቱ። ሲጣራ ግን ያስተዋለው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር።

የኔም ጉዳይ ይኸው ነው። ያ ባልደረባዬ ዘይቱን አየ፤ ተናገረ፤ ሄደ። እሱም የራሱ ሐሳብ፣ የራሱ ሳፋ አለበት። እኔ እሱን ስፈራ ኪሎ ሜትር ስዞር እሱ ስለኔ አንዲት ደቂቃ ማሰቡን እንኳ እጠራጠራለሁ።

ንጉሡ ማርከስ ኦሬሊየስም ለራሱ ማስታወሻ በጻፈው ጽሑፍ በዚሁ ነገር ይደነቃል። ሰው ከሌሎች ሁሉ ይልቅ ራሱን እየወደደ፣ ስለራሱ ግን ከገዛ ፍርዱ ይልቅ የሌሎችን ፍርድ ማክበሩ እንዴት ነው ሲል ይጠይቃል። ይህን የጻፈው ቃሉ ሕግ የሆነለት ሰው መሆኑን ልብ በሉ። ንጉሥ ሆኖም ቢሆን ይህን በሽታ በየቀኑ ማከም አስፈልጎታል።

ይሉኝታ ቢስ እንሁን ማለት ነውን?

ምናልባት አንዳንድ አንባብያን «ይህ ትምህርት እኮ ይሉኝታ ቢስ ያደርጋል» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የኛ ቋንቋ «ይሉኛል» ከሚለው «ይሉኝታ» የሚል ቃል አውጥቶ የጠባይ መለኪያ አድርጎታል። ይሉኝታ ቢስ መባል ከባድ ስድብ ነው። ያለ ምክንያትም አይደለም። በይሉኝታ ሰው ለቅሶ ይደርሳል፤ ጎረቤቱ እየራበው ብቻውን አይበላም፤ በታላቅ ፊት አፉን አይከፍትም።

ነገር ግን ይኸው ይሉኝታ ሌላም ፊት አለው። የማይችለውን ሠርግ ተበድሮ ደግሶ ዓመታት ዕዳ የሚከፍለው በይሉኝታ ነው። ታሞ ሐኪም ቤት መሄድ የሚያፍረው በይሉኝታ ነው። ሥራ ሳይንቅ መሥራት ሲችል ቤቱ ተቀምጦ የሚራበውም በይሉኝታ ነው።

ታዲያ ሁለቱን በምን እንለያቸው? ከስቶይኮች የተማርኩት ዋና ነገር ይህ ነው፦ ሰዎች ስለኔ የሚሉት የነሱ ነው፤ ለሰዎች የሚገባኝን ማድረግ ግን የኔ ነው። ስቶይኮች ሰውን ናቁ አላሉም። ማርከስ ሰዎች እንደ ሁለት እጅና እንደ ሁለት እግር ለመተባበር የተፈጠሩ ናቸው ይላል። ስሕተቱን በማስረጃ የሚያሳየው ቢገኝም በደስታ እንደሚታረም ጽፏል። ስለዚህ ጎረቤቴ ለቅሶ የምሄደው «ቀረ እንዳይሉኝ» ሳይሆን ጎረቤቴ ስላዘነ መሆን አለበት። ድርጊቱ አንድ ነው፤ ኒያው ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሰው ካላየኝ እቀራለሁ፤ ሁለተኛው ማንም ባያየኝም እሄዳለሁ።

ካቶ ስለተባለው የሮም ሹም የሚነገረውም ይህን ያብራራል። ፕሉታርክ እንደጻፈው በዘመኑ ደማቅ ሐምራዊ ልብስ ሲወደድ ካቶ ጠቆር ያለውን ይለብስ፣ አንዳንዴም ባዶ እግሩን አደባባይ ይወጣ ነበር። ዓላማውም በእውነት በሚያሳፍር ነገር ብቻ ማፈርን ለመልመድ ነበር። እንግዲህ ኀፍረትን ማጥፋት ሳይሆን ለኀፍረት ትክክለኛ ቦታውን ማስያዝ ነው። በሌብነት፣ በሐሰት፣ በደካማ ላይ በመጨከን እንፈር። በሳፋ አንፈር።

ከዚህ ጋር ሌላም ወጥመድ አለ። ይኸውም «እኔ የሰው ወሬ አልፈራም» እያሉ ያንኑ ለሰው ማሳየት ነው። ሴኔካ ለወዳጁ ለሉሲሊየስ በጻፈው ደብዳቤ በአለባበስና በአኗኗር የሰውን ዓይን ለመሳብ መጣርን ይነቅፋል። ኤፒክቴተስም ብርቱ ሆነህ ውሃ ጥም የምትታገስ ከሆነ ለማንም አትናገር ይላል። እኛ «ይዩልኝ፣ ይስሙልኝ» የምንለው በሽታ ይኸው ነው። ሳፋውን የሚደብቅም ሆነ ሳፋውን ለማስደነቅ የሚያዞር ሁለቱም የሰው ዓይን ባሪያዎች ናቸው።

ይህ ትምህርት በግሪክና በሮም ብቻ የቀረ አይደለም። በዘጠነኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የኖረው ታላቁ ፈላስፋ አል-ኪንዲ ሐዘንን ስለማስወገጃ ዘዴ በጻፈው ሪሳላ የማይቆየውንና በእጃችን ያልሆነውን ነገር የሙጥኝ ማለት የሐዘን ምንጭ መሆኑን ያስተምራል። ከመርከብ ለጥቂት ጊዜ ወርደው በደሴቱ ነገር ስለተጠመዱ ተሳፋሪዎች የሚሰጠው ምሳሌም ከኤፒክቴተስ ምሳሌ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ጥሩ ሐሳብ ከየትም ቢመጣ ተቀብለው የመረመሩት እንዲህ ያሉት ሊቃውንት ናቸው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በራሴ ሞክሬ የጠቀሙኝን ሦስት ነገሮች ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ቃሉን ከፍርዱ መለየት ነው። «እገሌ ሳቀ» የሚለው የሆነ ነገር ነው። «ስለዚህ ተዋረድኩ» የሚለው ግን እኔ የጨመርኩበት ነው። የጨመርኩትን ደግሞ መልሼ ማንሣት እችላለሁ።

ሁለተኛ፣ በትንሹ መለማመድ ነው። ነውር የሌለበት ነገር ግን የምናፍርበትን አንድ ትንሽ ነገር መርጦ በሰው ፊት ማድረግ። በሃያኛው መቶ ዓመት የኖረው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሐኪም አልበርት ኤሊስ ብዙ ሐሳብ ከኤፒክቴተስ የወሰደ ሲሆን ታካሚዎቹን እንዲህ ያለ ልምምድ ያሠራቸው ነበር። የክራቴስ ድስት በኛ ዘመን ሐኪም ቤት ገባ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ማታ ራስን መመርመር ነው። ሴኔካ መብራት ጠፍቶ ባለቤቱ ዝም ስትል የቀኑን ሥራውን አንድ በአንድ እንደሚመረምር ጽፏል። ሲመረምርም ከራሱ ምንም አይደብቅም። እኔም «ዛሬ ሰው ምን አለኝ?» የሚለውን ጥያቄ «ዛሬ ምን ሠራሁ?» በሚለው ለወጥኩት። የሚተች ሰው ቢያጋጥመኝ ደግሞ የምጠይቀው እውነት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ነው። እውነት ከሆነ እታረማለሁ፤ ካልሆነ ለባለቤቱ እተውለታለሁ።

በቀጣዩ ረመዳን ባለቤቴ እንደገና ምድጃውን አነደደች። እኔም ከሌላ ባለ ሱቅ ጋር ተዋዋልኩ። ቦርሳውን ቁም ሣጥን ላይ ሰቅዬ ሳፋውን አነሣሁ። በሻይ ቤቱ በኩል ባለው አጭር መንገድም ሄድኩ። ልቤ አልመታም ብል እዋሻለሁ፤ ጉልበቴ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከተቀመጡት አንዱ ለጓደኛው አንድ ነገር አንሾካሾከና ሳቁ። ያ ያን ያህል የፈራሁት ቀን መጣ ማለት ነው። ነገር ግን ሰማዩ አልወደቀም፤ ሳፋውም ከእጄ አልወደቀም። አዛን ሳይል ደረስኩ። የልጃችንም ክፍያ በጊዜው ተከፈለ።

ውድ አንባብያን! ከእናንተ መካከል ጨርቅ ያለበሰውን ሳፋ በኮት የሚደብቅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አንዱ ዲግሪ ይዞ የቀን ሥራ ያፍራል። አንዷ ልጇን ለመዳር ከአቅሟ በላይ ልትበደር አስባለች። አንዱ ያልገባውን ነገር «አላዋቂ ይሉኛል» ብሎ ሳይጠይቅ ይቀራል። ረጅሙን መንገድ ከመያዛችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የተሸከምኩት ነገር ነውር ነውን? ነውር ከሆነ ማንም ባያይም አውርዱት። ነውር ካልሆነ ግን በአጭሩ መንገድ ሂዱ፤ የሚጠብቃችሁ አለና።

ሰላም ሁኑ።